የእማማ ዘርፈሽዋል እጅ

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለወልደአማኑኤል፣ ቡታጅራ፤

እንዴት ከርመሃል? እናትህ እማማ ዘርፈሽዋልስ እንዴት ናቸው? ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ አድርግልኝ። ወረቀት አጥቼ አይደለም። ጠዋት የጻፍኩትን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ይሽረዋል፣ ቀድጄ እጥለዋለሁ፣ ሌላ እጀምራለሁ። ይህንንም ሳልቀደው ቶሎ ልላከው።

በመጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ አልጋ አግኝተናል። ማደሪያዬ ግን ወንድሜ ሀብተጊዮርጊስ ቤት አይደለም፤ ከልጃችን ከአደይ አልጋ ሥር ሰሌን አንጥፌ ነው የምተኛው። ወንድሜ መርካቶ ሱቁን ሲዘጋ ምግብ ይዞልን ይመጣል። ልጅህ የሆስፒታሉን ሾርባ «ድስት የታጠበበት ውኃ ነው» ብላ አልቀምስም አለች። አራት ዓመት ሳይሞላት አፏ እንዲህ ከሆነ ስታድግ ማን ይችላታል? ቆጮ ብቻ ነው የምትለው።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ስሸሸው ነው የቆየሁት። ጣፊያ አይደለም። ራጅ አንስተዋት ነበር፤ በግራ ጎኗ ያለው እብጠት ከኩላሊቷ ላይ የበቀለ ነው ይላሉ። ስሙንም ነግረውኛል፤ ዛሬ አልጽፈውም። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። ተናኘወርቅ የምትባል ነርስ ታስተረጉምልኛለች።

ሐኪሙ ገና ሲያያት «ሆዷን ያሻት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጥቂት ጊዜ» አልኩት። ከፋሲካ ጀምሮ እናትህ በየማታው በቅቤ ሲያሿት እንደከረሙ አንተም እኔም እናውቃለን። እጀ መድኃኒት ናቸው ብለን እኛው ነን እያዘልን የወሰድንላቸው። ሐኪሙ ፊቱ ተለዋወጠ። እብጠቱን ከተጫኑት ይፈነዳል፣ ከፈነዳ ደግሞ በሽታው በሰውነቷ ሁሉ ይበተናል፣ ያን ጊዜ እኔም ምንም አልፈይድላችሁም አለ። ከአልጋዋ ራስጌ በቀይ ቀለም የተጻፈ ካርቶን ሰቅለዋል፤ «ሆዷን አትንኩ» ይላል። ሰውነቷን ሳጥብ እንኳ ሆዷን እዘለዋለሁ።

እንግዲህ ይህን ለእናትህ አንተ ንገራቸው። እኔ ምራት ነኝ፣ ከእኔ አፍ አይወጣም። አንቀልባው ጠቧት ከተሰቀለ ወዲህ በጋቢ አይደል የሚያዝሏት፤ እስከ አውቶቡሱ አዝለው ሲሸኙን «ስትመለሺ እጨርስልሻለሁ» ነው ያሏት። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ውድነሽ


ቡታጅራ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድነሽ፤

ደብዳቤሽን መንገድ ላይ ቡኢ ከተማ ጭቃ ይዞት ነው መሰለኝ ዘግይቶ ደረሰኝ። እኔ ደኅና ነኝ፣ ይህ ደኅና ከተባለ። ቤቱ ጭር ስላለባት ድመቷ እንኳ ጎረቤት ገብታለች። የስፌት መኪናዬ ግን ዕረፍት የላትም። መስቀል ደረሰ አይደል፣ ከቡታጅራ እስከ መስቃን ገጠር ያለው ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ካልለበስኩ ብሏል።

«ለምን አትመጣም?» ባትዪኝም በልብሽ እንዳለሽ አውቃለሁ። ስፌቱ ሰበብ ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም። ያንን ካርቶን ማየት ፈርቼ ነው። ስሙን አለመጻፍሽም ጥሩ አደረግሽ። አትጻፊው።

ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ማለቴ፣ ጀምሬላታለሁ። በገበያ ቀን ሱቄ በረንዳ ላይ አረፍ ብላ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ኩላሊቷን ብርድ መቷት ነው አልኳት። ብርድማ የእሷ ሥራ እንደሆነ፣ በእጇ ሥር እየለሰለሰ ሳለ እንደወሰድንባት እየነገረችኝ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችው። እጆቿን አየኋቸው። ስንት የወለቀ ትከሻ፣ ስንት ወለም ያለው እግር በእነዚያ እጆች ድኗል። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔም የበላሁት በእነሱ ነው። እንዴት አድርጌ «እጅሽ ልጄን ይገድላታል» ልበላት? ለጊዜው መታሸቱ ይቅርባት ተብሏል አልኳት። «ለጊዜው» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

ቆጮና አይብ በአውቶቡስ ሹፌሩ በሙስተፋ እጅ ልኬያለሁ። አይቡ ሳይበላሽ ከደረሰ ጻፊልኝ። አደይን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

ወልደአማኑኤል


አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለወልደአማኑኤል፤

አይቡ ደርሷል። ልጅህ ሁለት ማንኪያ በልታ መለሰችው፤ የቀረውን እኔና ተናኘወርቅ በላነው።

«ጀምሬላታለሁ» ትለኛለህ? እናትህ ቀሚስ ናቸው እንዴ ተጀምረው የሚቀመጡት? ለደንበኞችህ ነገ ነገ የምትለው አንሶህ በልጅህ ሕይወት ላይ ነገ ትላለህ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ሲባል አልሰማህም? ያቺን «ለጊዜው» የምትላትን ይዘው ቢነሱ ምን ይውጠኛል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን እናትህ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። በምኑ ታሽልኛለህ?

አትጻፊው ብለህ ነበር፤ እጽፈዋለሁ። ነቀርሳ ነው። ይቅር በለኝ፣ ብቻዬን ይዤው መተኛት አቃተኝ። ልጅም እንዲህ ያለ ነገር እንደሚይዘው አላውቅም ነበር።

መርፌ ጀምረውላታል፤ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን የመጣ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ እብጠቱን ያሳንሰዋል፣ ከዚያ ከመስቀል በኋላ ኩላሊቷን ጨምረው ያወጡታል። በአንድ ኩላሊት ሰው ይኖራል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ይኖራል አሉኝ። መርፌው በገባ ማግስት ታስመልሳለች። ፀጉሯ ሳበጥራት እጄ ላይ ይቀራል። «የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ለመስቀል ቤታችን ቀድሞ ሊሄድ ነው አልኳት። ይኸው እኔም መዋሸት ጀመርኩ፤ ከአንተ በምን ተሻልኩ።

ትድናለች ወይ ብዬ ሐኪሙን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። «በጊዜ ነው የመጣችሁት» አለኝ። ይህ አዎ ማለት ይሁን አይሁን ተናኘወርቅም አላወቀችም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ወደ አልጋዋ ለሚጠጋ ሰው ሁሉ «ሆዴ አይነካም» እንድትል ተናኘወርቅ አስተምራታለች። ትናንት ጠበል ይዘው ለመጡት ቄስ ገና መስቀላቸውን ሳያወጡ እንደዚያው አለቻቸው። ቄሱ ደንግጠው ከሩቅ ረጯት።

ለእናትህ ንገራቸው። ከዚህ በላይ አልለምንህም።

ውድነሽ


ቡታጅራ፣ መስከረም 13 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድነሽ፤

የእንቁጣጣሹ ሰላምታ ይቆየን። እናቴ ወደ እናንተ እየመጣች ነው።

ዘመኑ ከተለወጠ ወዲህ ሁለት ጊዜ «ያ ለጊዜው ያልከኝ አላለቀም ወይ?» ብላኝ ነበር። እንደ ቀልድ አለፍኩት። ዛሬ ጠዋት ቤቷ ስሄድ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤቷ ዘይባ፣ በርበሬ ነጋዴው ሸረፋ በጭነት መኪናው ይዟት እንደሄደ ነገረችኝ። ለመስቀል ክትፎ ያስቀመጠችውን ቅቤ በሙሉ ይዛለች። ጉራጌ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ሲጎርፍ እሷ ብቻዋን ወደዚያ ወጣች። ለዘይባ «የጀመርኩትን ልጨርስ ነው» ብላታለች።

ስልክ ቤት ሮጬ ነበር፤ መስመሩ ተበላሽቷል። አሁን አውቶቡሱ አጠገብ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። አውቶቡሱ ወደ አዲስ አበባ ባዶውን ስለሚመለስ ሙስተፋ «ራስህ ግባ እንጂ» አለኝ። እግሬን ደረጃው ላይ አሳረፍኩ፤ መልሼ አወረድኩት። እናቴ እዚያ ልጄ ፊት «ለምን ዋሸኸኝ?» ብትለኝስ ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ወንድ ነው ያገባሽው።

ይህ ከደረሰሽ ከአልጋዋ አጠገብ አትነሺ። ለውኃም ቢሆን አትነሺ። ሙስተፋ ሞተር አስነሳ።

ወልደአማኑኤል


አዲስ አበባ፣ መስከረም 16 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወልደአማኑኤል፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እናትህ ቀድመውታል።

ልብስ ላጥብ ወርጄ ነበር። ስመለስ ቅቤው ኮመዲኖው ላይ ተከፍቷል፣ የአደይ ቀሚስ እስከ ደረቷ ተገልቧል፣ እናትህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው በቅቤ ወዝቶ ከሆዷ በላይ ቆሟል። አደይ ሁለቱን አውራ ጣቶቻቸውን ጨብጣ ይዛለች። «እማማ፣ ሆዴ አይነካም» ትላቸዋለች፤ ለቄሱ እንዳለችው በጨዋታ አይደለም፣ እያባበለች ነው። ካርቶኑ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል፣ ግን ማን ያንብብላቸው? እኔና አንተ ክረምቱን ሙሉ ስንሸሸው የከረምነውን ልጅህ በአንድ ቃል ተናገረችው።

አልጮኽኩም። ቀሚሷን መለስኩ፣ የእናትህን እጅ በነጠላዬ ጠረግሁላቸው። ከዚያ የቅቤውን ክዳን ገጠሙና ወደ እኔ ዞረው፦

«ውድነሽ፣ በእጄ ነው ወይ?» አሉኝ።

ምን እንደመለስኩላቸው አሁን አልጽፍልህም። ስላልቻልኩ ነው።

ቀዶ ጥገናው ከመስቀል ማግስት በኋላ ነው። የእኔ ደም አልስማማ ስላለ ደም የሚሰጥ ዘመድ አምጡ ተባልን። የምን ዘመድ? ሀብተጊዮርጊስም ሱቁን ቆልፎ አገር ቤት ሄዷል፤ መርካቶ ጉራጌው ሲወጣ ወና ሆናለች። እናትህ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ አርጅተዋል ብለው መለሷቸው። ጭነቱን አራግፎ ሊሰናበተን የመጣው ሸረፋ «እኔ መስቀል የለብኝ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ደሙ ተስማማ። አላህ ይስጠው፤ ሚስቱንም ሄደህ አመስግንልኝ።

በመስኮቱ በኩል የደመራው ጭስ ይታየኛል። ለአደይ ላሳያት ብዬ ነበር፣ ተኝታለች። እኔ ግን መቀመጥም መቆምም አልሆነልኝም።

ውድነሽ


ቡታጅራ፣ መስከረም 27 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድነሽ፤

«ወጣላት፣ በሕይወት አለች» የሚለው ቴሌግራምሽ ሲደርሰኝ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ነበር። ልኩን እየወሰድኩለት አቀፍኩት። ሰውዬው እስካሁን ልብሱን ሊወስድ አልመጣም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ እናቴ ነው። ሸረፋ ሌላ በርበሬ ሊያራግፍ ወጥቶ ይዟት ተመለሰ። ያንን ቅቤ እንዳለ ለዘይባ ሰጠቻት። ትናንት ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የወለቀ ልጅ ይዘውላት መጥተው «እጄ ታሟል» ብላ መለሰቻቸው። ልጁ እያለቀሰ በሩ ላይ ቆሞ እንኳ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ሰው መጥቶ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ ምን አውቃለሁ?

ለመስቀል አልነበረችም፤ ሥጋውን ሌላ ሰው ከተፈው። እኔን ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ምን አልሻት? ተቆጥተሻት ከሆነ አልፈርድብሽም፤ ግን ንገሪኝ። በልጅቱ ስጨነቅ ከረምኩ፣ አሁን ደግሞ እናቴን ላጣት ነው።

ወልደአማኑኤል


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወልደአማኑኤል፤

ስለ ዘገየሁ አትቀየመኝ። አደይ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ አሁን ለቋታል። ትናንት ተቀምጣ ከአጠገቧ ካለው ልጅ ጋር ስትጣላ ስለዋለች ደኅና ናት ማለት ነው።

እናትህን አልተቆጣሁም። «በእጄ ነው ወይ?» ሲሉኝ «አላውቅም» ነው ያልኳቸው። ሌላ እውነት አልነበረኝም። ወደ ሐኪሙ ወሰድኳቸው። በሽታው ከእጅ አይመጣም፣ ግን መታሸቱ አፈንድቶት እንደሆነ የሚታወቀው ሲከፈት ነው አላቸው። ተናኘወርቅ ልታለዝብላቸው ሞከረች፤ እሳቸው ግን የሐኪሙን ፊት ነበር የሚያነቡት። ከዚያ እስከ ቀዶ ጥገናው ድረስ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከክፍሉ በር ውጭ ተቀመጡ። አደይ «እማማ ግቢ» ስትላቸው ከደጅ ሆነው ነው የሚመልሱላት።

ሐኪሙ ሲወጣ እብጠቱ ሙሉውን፣ ሽፋኑ ሳይቀደድ ወጥቷል አለ። ተናኘወርቅ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ተንበርክከው የኮሪደሩን ሲሚንቶ ሳሙ። እኔም ዳንን ብዬ ነበር። ሲነሱ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ልጄ ያውቅ ነበር ወይ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። በዝምታዬ ገባቸው።

እጃቸውን ያሳመመው ይህ ነው እንጂ ሐኪሙም እኔም አይደለንም። ልጃቸው አውቆ ዝም እንዳላቸው አወቁ። እኔም ከአንተ እኩል ዝም ብዬአለሁ፤ ለዚህ ይቅርታ ሳልጠይቅ ነው የሄዱት። አንተ ግን እዚያው አጠገባቸው ነህ።

ተመልሶ እንዳይበቅል መርፌው ገና ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ይበቅላል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ሐኪሙ እጁን ወደ ሰማይ ያሳያል፤ ያንን ተናኘወርቅ ማስተርጎም አላስፈለጋትም። ኅዳር ላይ ለትንሽ ጊዜ ወደ ቤት እንድንሄድ ተፈቅዶልናል። ከዚያ በፊት ከእናትህ ጋር ጨርስ።

ውድነሽ


ቡታጅራ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድነሽ፤

ሄድኩ። ሱቁን ዘግቼ በእግሬ ሄድኩ፤ በጋሪ ብሄድ ቶሎ እደርሳለሁ ብዬ ፈርቼ። ጓሮ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። ከነሐሴ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳት፤ የበሽታውን ስም፣ ካርቶኑን፣ «ለጊዜው» ያልኳትን፣ እግሬን ከአውቶቡሱ ማውረዴን። መፋቋን አላቆመችም። ስጨርስ ግን መፋቂያውን አስቀመጠች፦

«ብትነግረኝ እኮ እጄን እኔው እይዘው ነበር» አለችኝ።

እግሯ ላይ ወደቅሁ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ላንቺ መደበቁ ምን ያደርጋል። ራሴን ደባበሰችኝ። እጇ እንሰት እንሰት ይሸታል።

ልሄድ ስነሳ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እዚያ ስትደርስ ቆመች፣ አሰበች። የሚያስጨንቃት ነገር ገና አላለቀም፦

«ታዲያ ከአውቶቡሱ እስከ ቤት በምን አመጣታለሁ? ማዘልም እኮ ሆድ መንካት ነው» አለችኝ።

ስለዚህ አደራ፣ ሐኪሙን ጠይቂልኝ። መልሱን ይዤላት ካልሄድኩ አትተኛም። እናንተን ለመውሰድ ደግሞ የምመጣው እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ እግሬን ከደረጃው አላወርድም፤ ለሙስተፋም ነግሬዋለሁ፣ ወንበር ይዞልኛል።

ወልደአማኑኤል


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወልደአማኑኤል፤

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። አሁን ቶሎ ብዬ መልሱን ልስጥህ፣ እናትህ እንቅልፍ ያግኙ።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ማዘል» የሚባለው ነገር አልገባው ብሎ ተናኘወርቅ ትራስ በጀርባዋ አዝላ ክፍሉን ዞረችለት። በሽተኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ አደይን አስተኝቶ ቁስሉን ደህና አድርጎ አየው። ገጥሟል፣ ማዘል ይቻላል አለ። ካርቶኑንም በገዛ እጁ አወረደው፤ ልጅህ «የእኔ ነው» ብላ ተቀብላ ትራሷ ሥር ከታዋለች።

ለእናትህ እንዲህ በላቸው። አድጋለች ብለው ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን አንቀልባ ያውርዱት። ቆዳው ደርቆ ይሆናል፤ ከዘይባ ትንሽ ቅቤ ይቀበሉና እስኪለሰልስ በእጃቸው ይሹት። አውቶቡሱ ጋ ይዘውት ይጠብቁን።

ልጅቷ ከስታለች፤ ትገባበታለች።

ውድነሽ